ከውጋቱ ሌላ ምን ያስቸግርዎታል?

የእትዬ አርባ ካለፈ ሳምንት ሆነው። ይህን የምጽፈው ከመስከረም ማብቂያ እስከ የካቲት ቤታችን ሲመላለስ ስለነበረ የቤት ለቤት የማስታገሻ ሕክምና፣ ማለትም በጽኑ የታመመን ሰው ሥቃይ የሚያቀልል አገልግሎት ነው። ስሙን አልጠቅስም። ምስጋና ብቻ ሳይሆን ቅሬታም አለኝ፤ ጥቂት ሆነው ብዙ ቤት የሚዞሩ ሰዎችም ስለሆኑ በእኔ አንድ ቤት እንዲመዘኑ አልፈልግም። ካንሰር የያዘው ሰው ቤቱ ያለ ግን ከእንዲህ ዓይነት አገልግሎት ምን መጠበቅ እንዳለበት ቢያውቅ እወዳለሁ። እኔ መኖሩንም ሳላውቅ አራት ወር አልፎብኛል፤ ያ አራት ወር አሁንም ያንገበግበኛል።

እትዬ ታላቅ እህቴ ናት። እናታችን ስትሞት እኔ የሰባት ዓመት ልጅ ነበርኩ፤ ኮልፌ ላይ በርበሬና ሽሮ እያዘጋጀች፣ እየሸጠች ያሳደገችኝ እሷ ናት። እኔ ዛሬ ሱማሌ ተራ የመኪና መለዋወጫ እሸጣለሁ፤ ሱቁ የተከፈተውም በእሷ እቁብ ነው። የያዛት የጡት ካንሰር ነው። በሀገራችን ከካንሰሮች ሁሉ ሴቶችን አብልጦ የሚይዘው ይኸው ነው፤ ብዙዎቹም ሐኪም ዘንድ የሚደርሱት እንደ እሷ ዘግይተው ነው። እብጠቷን አንድ ዓመት ያህል በነጠላዋ ሸፍና ኖረች። እኛ ስንደርስበት ወደ ሳንባዋ አልፎ፣ የጡቷም ቆዳ ተከፍቶ ቆስሎ ነበር።

ኬሞ ጀመረች። ቀጠሮ በደረሰ ቁጥር ገና ሳይነጋ ሄደን እንሰለፋለን፤ ተራችን ሲደርስ የደም ውጤት ይታያል፣ “ውጋቱ እንዴት ነው?” ትባላለች፣ “ተመስገን ነው” ትላለች፣ የሚቀጥለው ቀጠሮ ይጻፍልናል። ሐኪሞቹን አልወቅስም፤ ውጭ የቆመውን ሰልፍ እኔም አይቼዋለሁ። ነገር ግን “ተመስገን ነው” የምትለው እህቴ ቤት ስትገባ እህል አትቀምስም፣ ሌሊት አትተኛም፣ ጎረቤት አታስገባም። እኛ ሁሉንም “በሽታው ነው” ብለን ተቀብለነው ነበር።

ስለ አገልግሎቱ የነገረችኝ እዚያው ወረፋ ላይ ያገኘኋት አስታማሚ ናት። በአዲስ አበባ ይህን ሥራ ቀድሞ የጀመረው በነርስ የተመሠረተው ሆስፒስ ኢትዮጵያ እንደሆነ፣ እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮ ታማሚዎችን በየቤታቸው እንደሚጎበኝ ኋላ ላይ አወቅሁ። እኔ የማወራው ስለ ሌላ ነው፤ አሠራሩ ግን ተቀራራቢ ይመስለኛል። ለጉብኝቱ አያስከፍሉም። መድኃኒቱንና ፋሻውን ራሳችን እንገዛለን።

የመጀመሪያው ቀን ማክሰኞ ጠዋት ነበር። ሲስተር ስትገባ ቤቱ በዕጣን ጭስ ታፍኗል። የእህቴ ልጅ ከጠዋት እስከ ማታ ዕጣን ታጨሳለች፤ እትዬ ትሳላለች፤ እኛ ደግሞ ሳሉ ከሳንባዋ ነው እንላለን። ሲስተር ስለ ጭሱ ምንም አላለችም። በርጩማ ስባ ከአልጋው አጠገብ ተቀመጠችና ቀኝ እጇን ጨብጣ አሳየቻት። “እናቴ፣ እንዲህ ከጨበጡ ምንም የለም ማለት ነው። አምስቱንም ጣት ከዘረጉ ከዚህ የባሰ የለም ማለት ነው። ያለፉትን ሦስት ቀናት አስበው በእጅዎ ይንገሩኝ።” መለኪያው መቀመጫውን ካምፓላ ያደረገው የአፍሪካ የማስታገሻ ሕክምና ማኅበር ያዘጋጀው ነው። ጥያቄዎቹ አሥር ናቸው፤ ሰባቱ ለታማሚው፣ ሦስቱ ለአስታማሚው። ፊደል ላልቆጠረ ሰውም ይሆናል፤ ለእትዬ ደግሞ ከቃል ይልቅ በእጅ መናገሩ ቀለላት።

ስለ ውጋቱ ስትጠየቅ ሁለት ጣት አወጣች። “ከውጋቱ ሌላስ ምን ያስቸግርዎታል?” ስትባል እጇን ሙሉ ዘረጋችው።

“ምኑ ነው እናቴ?”

እትዬ እኔን አየችኝ። ሲስተር ዞር ብላ፣ “ወንድሜ፣ ሙቅ ውሃ ታመጣልኛለህ?” አለችኝ። ውሃው እስኪሞቅ ውጭ ቆየሁ። ስመለስ እትዬ ዓይኗ ቀልቶ ነበር፤ ፊቷ ግን ከወራት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ዘና ብሎ አየሁት።

የቁስሉ ሽታ ነበር። ያስቸገራት እሱ ነበር። የማርያም ማኅበሯን ሦስት ወር ያቋረጠችው፣ ለእኛ “ደክሞኛል” ትለን የነበረው፣ ልጇን ዕጣን የምታስጨሰው፣ ማታ እኔ አጠገቧ ስቀመጥ ፊቷን ወደ ግድግዳ የምታዞረው ለዚህ ነው። ያሳደገችኝ ሴት እንዳልሸታት ስትሸሸኝ፣ እኔ ደግሞ በሽታዋ አስኮርፏት ነው እያልኩ እተዋት ነበር።

ቀጥሎ የሆነውን ዘርዘር አድርጌ ልጻፍ፤ በየቤቱ ተደብቆ የሚያነባ ሰው እንዳለ አሁን አውቃለሁና። ሲስተር ለሐኪማቸው ደውላ ሜትሮኒዳዞል አዘዙላት፤ እኛ ፍላጂል የምንለው፣ ለሆድ አሜባ የሚሰጠው ማለት ነው። ሽታውን የሚያመጡት የሞተ ሥጋ ውስጥ ያለ አየር የሚኖሩ ባክቴሪያዎች ናቸው፤ መድኃኒቱ እነሱን ይገድላል። ክኒኑን በንጹሕ ማንኪያ ጀርባ እንደ ዱቄት እስኪልም ማድቀቅ አስተማረችን። ውሃ አፍልተን፣ ጨው ጨምረን እናቀዘቅዛለን። አሮጌውን ጨርቅ ከማንሳታችን በፊት በጨው ውሃው እናርሰዋለን፤ በደረቁ ከተላቀቀ ያደማል። ቁስሉን ሳናሽ እናጥባለን፣ ዱቄቱን እንነሰንሳለን፣ በጎዝ እንሸፍናለን። ጎዙ ሲወደድብን ያረጀ ነጠላዋን ቆራርጠን፣ ቀቅለን፣ ፀሐይ ላይ አድርቀን ተጠቀምን። ፈሳሹ ሲበዛ ከላይ ሞዴስ እንድናደርግ ነገረችን፤ እኔ ይህን ከሱቅ መግዛት አፍሬ ነበር፣ ከሁለተኛው ጊዜ በኋላ ግን ተለማመድኩት። ከአልጋው ሥር በሰፌድ ከሰል አስቀመጥን፤ ያልተቀጣጠለ ከሰል ሽታ ይስባል።

በአራተኛው ቀን ዕጣኑ ቀረ። ዕጣኑ ሲቀር ሳሉም በግማሽ ቀለለ።

ሽታው አንዱ ብቻ ነበር። በዚያው ቀን ሲስተር ሌላም ነገር ጠየቀች፤ “ለመጨረሻ ጊዜ የተጸዳዱት መቼ ነው?” ሰባት ቀን! የማስታገሻ ክኒኑን ያዘዘልን ቦታ ሆድ እንደሚያደርቅ አልነገረን፤ የሚያለሰልስም አልጨመረልን። ትራማዶልም ሞርፊንም አንጀትን ያዘገያሉ፤ ለማቅለሽለሽ የምትወስደው ኦንዳንሴትሮንም እንዲሁ። እኛ እህል እምቢ ያለችው ካንሰሩ ነው ብለን ስናለቅስ፣ ሆዷ ሞልቶ ነው ለካ። እኔ ተልባ አስፈጭቼ መጥቼ ነበር። ሲስተር ተልባን አላጣጣለችም፤ ግን ተልባ ብዙ ውሃ ይፈልጋል፣ ውሃ ለማይጠጣ ሰው እዚያው ደርቆ ያብሳል አለችኝ። ሆድ የሚያለሰልሰው ቢሳኮዲል ማታ ማታ ተጀመረላት፤ በሦስተኛው ቀን ግማሽ ሳህን ገንፎ በላች። አንድ ክኒን በታዘዘ ጊዜ ሌላው አብሮት ቢታዘዝ ያ ሁሉ ሳምንት ባልተሠቃየች ነበር። ይህን ሳስብ ዛሬም እናደዳለሁ።

እንቅልፉ ደግሞ ከሁሉ ቀላል ሆኖ ተገኘ። ዴክሳሜታዞን የሚባለውን መድኃኒቷን ማታ ስትተኛ ነበር የምንሰጣት። እሱ ራሱ እንቅልፍ ይነሳል፤ ጠዋት ከቁርስ በኋላ ይሁን ተባለ። በሁለተኛው ሌሊት ስታንኮራፋ ሰምቼ ደነገጥኩ፤ ከዚያ ደስ ብሎኝ እኔም ተኛሁ። ሁለት ወር ሙሉ ጭንቀት ነው እያልን የነፍስ አባት ስናስመጣ፣ ጎረቤት “አይዞሽ” ሲላት ከርመናል።

አፏ ቆስሎ ነበር። እንጀራ በኮምጣጣነቱ ያቃጥላታል፣ በርበሬ የሸጠች እጅ በርበሬ መቅመስ አቃታት። ምላሷ ላይ ነጭ ነገር ወጥቶ ነበር፤ ሲስተር በባትሪ አይታ ፈንገስ ነው አለችና ኒስታቲን ታዘዘላት። በሊትር ውሃ አንድ የሻይ ማንኪያ ጨውና አንድ የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ በጥብጠን በየጊዜው ትጉመጠመጥ ነበር። “ሁሉም ነገር ብረት ብረት ይለኛል” ስትል የእንጨት ማንኪያ ስጧት ተባልን። ትኩስ ምግብ ሽታው ስለሚበረታባት ቀዝቀዝ አድርገን ማቅረብ ጀመርን፤ እርጎ፣ ፓፓያ፣ ለብ ያለ የአጃ አጥሚት። በትልቅ ሳህን ሞልቶ ማቅረብም ቀረ። በቡና ስኒ ማስቀመጫ ላይ ሁለት ጉርሻ የምታህል አድርገን ስናቀርብ ትጨርሰዋለች፤ መጨረሷ ራሱ ደስ ይላት ነበር።

ኅዳር 15 የነቢያት ጾም ሲገባ እጾማለሁ አለች። ሲስተር ክርክር ውስጥ አልገባችም። “የነፍስ አባትዎን ይጠይቁ፣ እሳቸው የሚሉትን እኔም እሰማለሁ” አለቻት። አባ መጥተው ለሕመምተኛ ጾም እንደሌለባት ነግረው ፈቱላት፤ እርጎዋን ቀጠለች። ስለ ጸበሉም እንዲሁ ነው፤ ጠጪ፣ መድኃኒትሽን ግን አታቋርጪ ተባለች። በዚህ ጉዳይ አገልግሎቱን ሙሉ አመሰግነዋለሁ። እምነቷን የነካ አንድም ቃል ከእነሱ አልሰማሁም።

አሁን ስለ ቡናው። ኬሞ ከጀመረች ወዲህ ቡና ሲቆላ ያስታውካታል። በእኛ ቤት ቡና ሦስት ጊዜ ይፈላ ነበር፤ ለእሷ ብለን አቆምነው፣ ቡናው ሲቆም ጎረቤቱም አብሮ ቀረ። ሲስተር ይህን በሦስተኛው ጉብኝት ሰማችና ብልሃት ፈለገች። ቡናው ከጎረቤት ተቆልቶ፣ ተወቅጦ፣ እዚያው ይፍላ፤ ጀበናው ብቻ ይምጣ። ኦንዳንሴትሮኑን ከግማሽ ሰዓት በፊት ትዋጥ፤ መስኮቱ ይከፈት፤ እሷ በነፋሱ በኩል ትቀመጥ። ድካሙንም አብራ አሰበችው። ገላ መታጠብና ልብስ መቀየር ጉልበቷን ይጨርሰዋል፤ ስለዚህ በዚያ ቀን አትታጠብ፣ ፊቷን ብቻ እናብስላት፣ ያላትን አቅም ለቡናው ታስቀምጥ። እኔ ድካም በእረፍት ብቻ የሚመለስ ይመስለኝ ነበር። እነሱ ግን ያለውን ጥቂት ጉልበት በምን ላይ ማዋል እንደምትፈልግ እሷን ጠየቋት። “መቅዳት እፈልጋለሁ” አለች።

ኅዳር 21 ማኅበርተኞቿ መጡ። ቁስሏ በጠዋት ታጥቦ፣ ነጭ ነጠላዋን ለብሳ፣ ትራስ ተደግፋ ተቀመጠች። ጀበናው ለእጇ ከብዷት ስለነበር የእህቴ ልጅ ከሥር ደገፈችላት፤ አቦሉን እሷ ቀዳችው። እጇ ይንቀጠቀጥ ነበር፣ ከስኒው ጠርዝ ትንሽ ፈሰሰ፣ ማንም ለመጥረግ አልተጣደፈም። ራሷ አልጠጣችም። በረካው እስኪቀዳ ግን አልተነሳችም። አንዷ ማኅበርተኛ ስትሰናበት አቅፋ ስማት ጠጋ ብላ ቆየች፤ እትዬ ሽሽት አላለችም። እኔ በሩ ላይ ቆሜ ይህን አየሁ።

ከጥያቄዎቹ ውስጥ “ስለ ምን ይጨነቃሉ?” የሚል አለ። ሦስት ጣት ነበር የምታወጣው፤ ምክንያቱን አትናገርም። በታኅሣሥ አንድ ቀን ለሲስተር ነገረቻት። እቁቧን ቀድማ ወስዳ ለሕክምና አውጥታው ነበር፤ የቀረባትን ሳትከፍል ብትሞት ሰው ምን ይላል እያለች ነው ለካ የምትጨነቀው። ሲስተር ፈቃድ ጠይቃ ለእኔ ነገረችኝ። በዚያው ሳምንት ለዳኛው ከፍዬ ደብተሩን አምጥቼ አሳየኋት። በሚቀጥለው ጉብኝት እጇን ጨበጠች። በየትኛው የሕክምና ካርድ ላይ እቁብ ይጻፋል?

ትንፋሿ በጥር ከበዳት። ሳንባዋ ዙሪያ ውሃ ቋጥሮ ነበር፤ ሐኪም ቤት ተወስዳ ተቀዳላት፣ ቀለላት፣ ተመልሶ ሞላ። ቤት ስትሆን ጠረጴዛ ላይ ትራስ አድርገን ወደ ፊት ደገፍ እንድትል፣ ፊቷ ላይ ነፋስ እንዲያገኛት ተነገረን። በባትሪ የሚሠራ ትንሽ ማራገቢያ ከመርካቶ ገዛሁላት፤ ጉንጯንና አፍንጫዋን ነፋሱ ሲነካው የማፈኑ ስሜት ይቀንሳል። ባትሪው ሲያልቅ በከሰል ማራገቢያው፣ በሰንደዶው፣ እኔ አራግብላት ነበር። “ያንተው ይሻላል” ትለኛለች። ሞርፊን ሽሮፕ በጥቂቱ ሲሰጣት ትንፋሿ ይረጋጋ ነበር፤ ለውጋት ብቻ ይመስለኝ የነበረው መድኃኒት ለትንፋሽም እንደሚሰጥ ያወቅሁት ያኔ ነው።

ወደ ቅሬታዬ ልግባ።

ቅዳሜ፣ እሑድና ሌሊት አይሠሩም። ይህን በመጀመሪያው ቀን በግልጽ መናገር ነበረባቸው፤ ስልክ ቁጥር ብቻ ሰጡን። በጥር አንድ ቅዳሜ ሌሊት ቁስሉ ደማ። ስደውል አይነሳም፤ አምስት ጊዜ ደወልኩ። ያዳነን ሲስተር ቀድማ የነገረችን ምክር ነው፦ ጠቆር ያለ ፎጣ ሁልጊዜ አልጋው አጠገብ ይኑር፤ ነጭ ጨርቅ ላይ ደም ሲታይ ታማሚውም አስታማሚውም ይደነግጣል። ጥቁር ሰማያዊውን ፎጣ አጥፌ፣ እጄን ሳላነሳ፣ ሩብ ሰዓት ያህል ጫንኩት። እትዬ ዓይኔን እያየች “ቆመ?” ትለኛለች፤ “እየቆመ ነው” እላታለሁ። ቆመ። ሰኞ ጠዋት መጥተው ይቅርታ ጠየቁ፤ ለሌሊቱ ግን መፍትሔ አልሰጡንም።

ሌላው፣ ሲስተር ፈቃድ በወጣችበት ሁለት ሳምንት የመጣችው ተተኪ እጅ መቁጠሩን ትታ “ውጋቱ እንዴት ነው?” ብቻ ብላ ወጣች። እትዬም ወዲያው “ተመስገን ነው” ማለት ጀመረች። አገልግሎቱ በአንድ ሰው ጫንቃ ላይ መሆኑ ያሳስበኛል። የመድኃኒቱም ነገር አለ፤ ሞርፊኑን ለማግኘት ከአንድ ፋርማሲ ወደ ሌላ ስዞር የዋልኩበት ቀን ነበር። የት እንዳለ ቀድመው ደውለው ሊነግሩኝ ይችሉ ነበር። ከዚህም በላይ መጨረሻው መቃረቡን ለእኔ የነገሩኝ ልታርፍ ሦስት ቀን ብቻ ሲቀራት ነው። ጅማ ያለው ወንድማችን ለቀብር እንጂ ለስንብት አልደረሰም።

እነሱን ለመጥራት የሚያመነታ ሰው እንዳለ አውቃለሁ። የኛም ጎረቤት “እነሱ የሚመጡት ለሚሞት ሰው ነው” ብሎኝ ሳምንት አስቆይቶኛል። የዓለም ጤና ድርጅት እንኳ ይህ ሕክምና በሽታው ከታወቀ ጊዜ ጀምሮ ከዋናው ሕክምና ጎን ለጎን መሰጠት አለበት ይላል። የአገልግሎቱ ሐኪም እንደነገሩኝ፣ እ.ኤ.አ. በ2010 በቦስተን በተሠራ ጥናት 151 የሳንባ ካንሰር ታማሚዎች በሁለት ተከፍለው፣ የማስታገሻ ሕክምናውን ገና ከጅምሩ ያገኙት የተሻለ ኑሮ ከመኖራቸውም ሌላ ከሌሎቹ ይልቅ ጥቂት ወራት በልጠው ኖረዋል። እትዬ እነሱን በግንቦት ብታገኛቸው ኖሮ ያንን የክረምት ጊዜ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ባላሳለፈችው።

የእነሱኑ መለኪያ ገልብጬ፣ አምስት ጣት ከሁሉ የሚሻለው ቢሆን፣ ምን ያህል ትሰጣቸዋለህ ብባል አራት ጣት አወጣለሁ። አምስተኛውን ያስቀረው ያ የቅዳሜ ሌሊት ነው።

ለምትጠሯቸው የምለው ይህ ነው። ከሐኪም ቤት የተጻፈ ወረቀት ይጠይቃሉ፤ በሚቀጥለው ቀጠሯችሁ አስጽፉ። ያሉትን መድኃኒቶች በሙሉ፣ ባዶ ፓኮውን ሳይቀር፣ በአንድ ፌስታል አስቀምጡ። ለሌሊትና ለቅዳሜ እሑድ ማን ጋ እንደሚደወል በመጀመሪያው ቀን ጠይቁ፤ የሚደወልበት ከሌለ የት ሐኪም ቤት እንደምትሄዱ ቀድማችሁ ወስኑ። ሲስተር በርጩማ ስባ ስትቀመጥና እጇን ስትጨብጥ ደግሞ ሙቅ ውሃ ላምጣ ብላችሁ ውጡ።